ከአርባ አራቱ የሚቀድመው የቱ ነው?

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ ከጎንደር

ባለፈው ስለ ጥምቀት ስጽፍ አርባ አራት ናቸው ከሚባሉት የጎንደር ደብሮች አንዱን፣ ደብረ ብርሃን ሥላሴን፣ «የጎንደር ጥንታዊው ቤተ ክርስቲያን» ብዬ አልፌ ነበር። ከዚያ ወዲህ ደብዳቤው አላቋረጠም። የሚያመሰግን አለ፣ የሚሟገት አለ። አንድ አባት ደግሞ «ልጄ፣ ይቺን ነገር ረጋ ብለሽ እይያት» ብለውኛል። ልክ ናቸው። ስለዚህ የዛሬው ዓምድ በሙሉ ለዚሁ ይሁን።

«ከአጎቴ ጋር ተከራክረን መግባባት አልቻልንም። እኔ ጥንታዊው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ነው አልኩ። እሱ ግን የጎርጎራዋ ማርያም ትበልጣለች፣ ከከተማውም ቢሆን የፋሲል ደብሮች ይቀድማሉ ይላል። ማነው ልክ?»
*የ11ኛ ክፍል ተማሪ፣ ከማራኪ*

አጎትህ ልክ ነው። አንተም ግን ሙሉ በሙሉ አልተሳሳትክም። ነገሩ ወዲህ ነው።

እኛ ጎንደሬዎች «ይህ ደብር ስንት ዓመቱ ነው?» ስንባል የምንቆጥረው ታቦቱ ከገባበት ቀን ጀምሮ ነው። ሕንፃው ቢቃጠል፣ ቢፈርስ፣ የሣር ክዳኑ ወርዶ ቆርቆሮ ቢለብስ፣ ደብሩ ያው ደብር ነው። ታሪክ አጥኚ ሲመጣ ደግሞ ጥያቄው ስለ ግድግዳው ይሆናል፤ ይህ ድንጋይ መቼ ተደረደረ ይላል። ሥዕል የሚያጠናው ደግሞ ግድግዳውንም ትቶ ቀለሙን ነው የሚያየው። የአንድ ደብር ታቦት፣ ግድግዳና ሥዕል ሦስት የተለያየ ዕድሜ ሊኖራቸው ይችላል። አንተና አጎትህ ያልተግባባችሁት አንዱ ስለ ታቦት፣ ሌላው ስለ ሕንፃ ስለምታወሩ ይመስለኛል።

ከጎርጎራ እንጀምር። ደብረ ሲና ማርያም ጣና ዳር ናት፣ ከከተማው ወደ 60 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ። ትውፊቱ ምሥረታዋን ከዐፄ ዓምደ ጽዮን ዘመን (1306–1336 ዓ.ም.) ጋር ያያይዘዋል። ልብ በል፣ ያን ጊዜ ጎንደር የምትባል ከተማ የለችም። ለመቆርቆር ገና 300 ዓመት ገደማ ይቀራታል። ውስጧን የሸፈኑት ሥዕሎች ግን የተሣሉት በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ነው፣ ያሣሏቸውም የዐፄ ፋሲል እኅት መለኮታዊት ናቸው ይባላል። አየህ፣ እዚያም ቤቱ ከሥዕሉ ይቀድማል። እኔ መጀመሪያ የሄድኩት ልጅ ሆኜ ከአያቴ ጋር ነው። ከውጭ ስታያት ክብ የገጠር ቤት ትመስላለች። በሩን አልፈህ ስትገባ ግን ዓይንህ የሚያርፍበት ባዶ ቦታ ያጣል። አያቴ እያንዳንዱን ቅዱስ በስሙ እየጠሩ ሲያሳዩኝ አንድም ፊደል ያልቆጠሩ ሰው መሆናቸውን ያወቅሁት በኋላ ነው። ሁሉንም የተማሩት ከግድግዳ ነበር።

አባቶች «መናገሻው በ‹ገ› ፊደል የሚጀምር ቦታ ይሆናል» የሚል ትንቢት ነበረ ይላሉ። ጉዛራ፣ ጎርጎራ፣ ከዚያ ጎንደር። ነገሥታቱ በእርግጥም በጣና ሰሜናዊ ዳርቻ ሲዘዋወሩ ቆይተዋል። ሠርጸ ድንግል ጉዛራ ላይ ግንብ ሠሩ፣ ሱስንዮስ ጎርጎራንና ደንቀዝን አሠሩ። አዘዞም ገነተ ኢየሱስ የሚባል ቤተ ክርስቲያን ነበራቸው። ሱስንዮስ ካቶሊክ ሆነው አገር ታመሰ፣ በ1624 ዓ.ም. ሃይማኖቱን ለሕዝቡ መልሰው ዙፋኑን ለልጃቸው ለፋሲል ለቀቁ። የአዘዞውም ቦታ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት ደብር ሆነ። ከስፔን የመጡ አርኪዮሎጂስቶች እዚያ ቆፍረው የድሮውን ሕንፃ መሠረት አውጥተዋል። ከጎንደር ወደ አየር ማረፊያው ስንሄድ ስንቶቻችን በአጠገቡ እናልፋለን፣ ግን ዞር ብለን አናይም።

አሁን ወደ ከተማው። ዐፄ ፋሲል ጎንደርን የቆረቆሩት በ1628 ዓ.ም. ነው። ሰባት አብያተ ክርስቲያናት አሠሩ ይባላል። የመጀመሪያዎቹ ፊት ሚካኤልና ፊት አቦ ናቸው። የተሠሩበትን ምክንያት ሳስበው አሁንም ልቤን ይነካኛል፦ ሕዝቡ በወረርሽኝ ታመመና ንጉሡ በሽታው እንዲርቅ ብለው ታቦት አስገቡ። ሌሎቹ ቀደምት ደብሮች ደግሞ ግቢውን ተጠግተው ነው የቆሙት። ግምጃ ቤት ማርያም፣ እልፍኝ ጊዮርጊስ፣ አጣጣሚ ሚካኤል። ግምጃ ቤት፣ እልፍኝ፣ አጣጣሚ፦ ሁሉም የቤተ መንግሥት ቃላት ናቸው። ቤተ መንግሥቱ ባዶ ከሆነ ስንት ዘመን ሆነው፣ ቃላቱ ግን በታቦቱ ስም ላይ ተቀምጠው እስከ ዛሬ በየቀኑ ይጠራሉ።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ የመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። ያሠሩት የፋሲል የልጅ ልጅ ታላቁ ኢያሱ ናቸው፣ የተመረቀው በ1686 ዓ.ም.። ከከተማዋ ምሥረታ 58 ዓመት ዘግይቶ ማለት ነው። በዚያ ላይ የመጀመሪያው ሕንፃ ክብ ነበር። ንጉሡ ከሞቱ በኋላ ብዙም ሳይቆይ መብረቅ መታው። ዛሬ የምናየው ባለ አራት ማዕዘኑ ኋላ የተሠራ ነው። ስለዚህ የኢያሱ ደብር ነው ማለት ትችላለህ፣ ግድግዳውን ግን ኢያሱ አላዩትም።

ታዲያ አንተ ምን ላይ ነው ልክ የሆንከው? ከተማው ውስጥ ከነጣሪያው፣ ከነሥዕሉ፣ ሳይነድ እኛ ዘመን የደረሰ ጥንታዊ ቤተ ክርስቲያን አሳየኝ ብትለኝ ወደ ሥላሴ ነው የምወስድህ። ለአጎትህ እንዲህ በለው፤ ታቦት ከቆጠርን አንተ ረታህ፣ የቆመ ቤት ከቆጠርን ከተማው ላይ እኔ ረታሁ። ደብረ ሲናን ካነሣ ግን ዝም በል። እሷ ላይ መልስ የለህም።

«ደርቡሽ ጎንደርን ሲያቃጥል ሥላሴን ያዳነው ንብ ነው ይባላል። ይህ ታሪክ ነው ወይስ ሲወርድ ሲዋረድ የመጣ ተረት?»
*አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ*

እርስዎ «ተረት» ያሉትን እኛ ጎንደር ያደግን ሰዎች በዚያ ስም አንጠራውም። የሆነውን ልንገርዎት።

በጥር 1880 ዓ.ም. የጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ሳር ውሃ ላይ ድል ሆኑ። ደርቡሽ የምንለው የሱዳን መሐዲስቶች ጦር በአቡ አንጃ እየተመራ ጎንደር ገባ። ከተማው ተዘረፈ፣ ብዙ ሰው ተገደለ፣ ብዙ ሰው ተማርኮ ተወሰደ፣ ደብሮቹም ነደዱ። የዚያን ጊዜ ቤተ ክርስቲያን ጣሪያው ሣር፣ ምሰሶውና ማገሩ ጽድና ወይራ ነው። አንድ ችቦ ይበቃዋል። የእሳቱ ፍጥነት ከዚህ ነው።

ሥላሴ ጋ ሲደርሱ ግን ከግቢው የንብ መንጋ ተነሥቶ አባረራቸው። አያቴ ይህን የሰሙት ከእናታቸው ነው። እናታቸው ደግሞ ያን ዘመን በሕይወት ነበሩ። እኔ በዚህ ላይ የምጨምረው አንድ ነገር ብቻ ነው። ወደ ደብሩ ይሂዱና ግቢውን ይዩት። ከከተማው ወጣ ብሎ ጉብታ ላይ ነው ያለው፣ ዙሪያውን በሐዋርያት ቁጥር 12 ግንብ ያለው አጥር ይዞታል፣ ውስጡ ደግሞ ጥቅጥቅ ያለ የዕድሜ ጠገብ ዛፍ ነው። ንብ የሚወደው ዓይነት ቦታ ነው። ተአምሩን የሚያምን ሰው ዛፉን ማየቱ አይጎዳውም፣ ዛፉን ብቻ የሚያይ ሰውም የተረፈውን ቤት መካድ አይችልም።

አንድ ነገር ግን ጥፋቱን ሁሉ በደርቡሽ ላይ አንደፍድፍ። ከዚያ 21 ዓመት በፊት፣ በ1859 ዓ.ም.፣ ዐፄ ቴዎድሮስ ራሳቸው ጎንደርን ዘርፈው አቃጥለዋል። ይህን መጻፍ ይከብደኛል። ቴዎድሮስን የማይወድ ጎንደሬ የለም፣ እኔም እወዳቸዋለሁ። ግን የሆነ ሆኗል። ከየደብሩ የተሰበሰበው መጽሐፍና ንዋየ ቅድሳት ወደ ደብረ ታቦር፣ ከዚያም ወደ መቅደላ ሄደ። በሚያዝያ 1860 ዓ.ም. መቅደላ ስትወድቅ የእንግሊዝ ጦር አግዞ ወሰደው። ዛሬ ለንደን ብሪቲሽ ላይብረሪ ካሉት መቶዎች የብራና መጻሕፍት ብዙዎቹ በዚያ መንገድ የሄዱ ናቸው። ስለዚህ ደርቡሽ የመጣው ቀድሞ በተራቆተች ከተማ ላይ ነው።

«የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት የሠሩት ፖርቱጋሎች ናቸው የሚል ሰው አጋጠመኝ። እውነት ነው?»
*ከአዘዞ*

አይደለም። ዐፄ ፋሲል ኢየሱሳውያኑን፣ ማለትም ፖርቱጋሎች ያሉባቸውን የካቶሊክ ሰባኪዎች፣ ከአገር አስወጥተው ሲያበቁ ነው ጎንደርን የቆረቆሩት። የተባረረ ሰው ከተማ አይሠራም። በኖራ መገንባት በሱስንዮስ ጊዜ መስፋፋቱና በዚያ ላይ የውጭ ሰዎች እጅ መኖሩ እውነት ነው። የጎንደር ግንበኞች ግን የአገሩ ሰዎች ናቸው፣ በተለይ ደግሞ ቤተ እስራኤላውያኑ፣ የነወለቃ ሰዎች። ድንጋይ ጠርበው፣ እንጨት አቅንተው፣ ብረት ቀጥቅጠው ከተማዋን ያቆሙ እነሱ ናቸው። ስማቸው በየቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ አልተጻፈም። እኔ ግን ሥላሴን ባየሁ ቁጥር አስታውሳቸዋለሁ።

«የአባ እንጦንስ ሥዕሎች ፓሪስ ናቸው ሲባል ሰማሁ። እንዴት ሄዱ? ሥዕል ከግድግዳ ተላጥቶ ይሄዳል?»
*ነዋሪ፣ ከፒያሳ አካባቢ*

ይሄዳል። ሄዷልም።

መጀመሪያ ሥዕሉ እንዴት እንደሚሠራ ልንገርህ። የጎንደር ሠዓሊ ብዙ ጊዜ በቀጥታ ግድግዳ ላይ አይሥልም። ሸማ ላይ ይሥላል፣ ከዚያ ሸማው ግድግዳው ላይ ይለጠፋል። ሥላሴም እንደዚሁ ነው። ይህ ዘዴ ሥዕሉን ከግድግዳው እርጥበት ያድነዋል። ግን ሸማ የሆነ ነገር ይላቀቃል፣ ይጠቀለላል፣ ይጫናል።

አባ እንጦንስን ያሠሩት የፋሲል ልጅ ዐፄ ዮሐንስ ናቸው (1660–1674 ዓ.ም.)፣ ጻድቁ የሚባሉት። ቤተ ክርስቲያኑ ከከተማው ወጣ ብሎ ኮረብታ ላይ ነው። በ1924 ዓ.ም. ክረምት የፈረንሳዩ ማርሴል ግሪዮል ከዳካር ተነሥቶ ጅቡቲ ለመድረስ አፍሪካን የሚያቋርጥ የጥናት ቡድን ይዞ ጎንደር ደረሰ። ወራት ተቀመጠ። ቤተ ክርስቲያኑ ያን ጊዜ አርጅቶ ነበር። ሥዕሎቹን እናንሣ፣ በምትኩ አዲስ ሥለን እንለጥፍ አሉ። ከቡድኑ ጋር የነበረው ሠዓሊ ጋስቶን ልዊ ሩ ቅጂውን ሣለ። ዋናው ተጠቅልሎ ሄደ። ዛሬ ፓሪስ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ነው ያለው።

ሥዕሉ እዚያው ቢቀር ኖሮ ጣሪያው ሲያፈስ ይበሰብስ ነበር የሚሉ አሉ። ይህን ክርክር ደጋግሜ ሰምቼዋለሁ። አልቀበለውም። ጣሪያ ያፈሰሰ እንደሆነ የሚጠገነው ጣሪያው ነው። የዚያ ደብር ምእመናን 250 ዓመት ገደማ ሲሳለሙት የኖሩትን ሥዕል ወስደህ ቅጂውን ስትሰጣቸው የምታድነው ሸማውን ነው እንጂ ሥዕሉን አይደለም። ሥዕል ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ጌጥ አይደለም። ይጸለይበታል። አሮጊቷ ጠዋት መጥተው የሚሳለሙት የታወቀ ጥግ አለው። ፓሪስ ላይ ብርሃኑና ሙቀቱ ተለክቶ ቢጠበቅም የሚሳለመው የለም።

ሄደህ ለማየት ካሰብክ የንግሡ ቀን ጥር 22 ነው። ጥምቀት ካለፈ በኋላ ከተማው ረጭ ሲል። እኔ የምወደው ጊዜ ነው።

«አርባ አራት የሚለው ቁጥር በትክክል ተቆጥሮ ነው?»
*ከሳሙና በር*

እንደ ቆጣሪው ነው። ዝርዝሩን ከአንድ አባት ብትጠይቂ አንድ ዓይነት፣ ከሌላው ብትጠይቂ ሌላ ዓይነት ታገኛለሽ። አንዱ የዳርቻውን ደብር ያስገባል፣ ሌላው ያስወጣዋል። አንድ ንጉሥ በአንድ ጊዜ የሠራቸውም አይደሉም። ከፋሲል ጀምሮ የነገሠው ሁሉ የየራሱን እየጨመረ፣ ከመቶ ዓመት በላይ የተጠራቀሙ ናቸው። ቁጥሩን ያጸናው መዝገብ ሳይሆን ምርቃት ነው። ጎንደር ውስጥ ልጅ መንገድ ሲወጣ እናት «አርባ አራቱ ታቦት ይጠብቅህ» ትላለች። አርባ ሦስት ወይም አርባ አምስት ብላ የመረቀች እናት አልሰማሁም።

«እናቴ ዕድሜዋ ገፍቷል፣ ጉልበቷንም ያማታል። ጎንደርን ሳላይ አልሙት ትላለች። የዛሬ ዓመት ላመጣት አስቤያለሁ። ሁሉንም ማዞር አልችልም። የትኞቹን ላሳያት?»
*ልጇ፣ ከደሴ*

እግዜር ይስጥሽ፣ ያስደሰተኝ ጥያቄ ነው። ሦስት ይበቃታል።

ሥላሴ የመጀመሪያው። ጠዋት ቅዳሴ ካለ አስቀድሱ፣ ከሌለ ቀደም ብላችሁ ግቡ፣ ጎብኚ ሳይበዛ። መኪና እስከ በሩ ድረስ ስለሚደርስ እግሯ አይጎዳም። ስትገባ ከመቅደሱ በላይ ሥላሴን፣ ከሥር ስቅለቱን ታያለች። ከዚያ ቀና ትበል። ጣሪያው ላይ ከ100 በላይ የመላእክት ፊት ተደርድሮ ቁልቁል ያያታል፣ ሁሉም ዓይናቸው ትልልቅ ነው። አንገቷን እንዳያማት መቀመጫ ጠይቂላት፣ አባቶች ደስ ብሏቸው ይሰጣሉ። ፎቶ ካነሣሽ ፍላሽ አጥፊ። ባለፈው እዚያ ቆሜ አንድ ወጣት ደጋግሞ ፍላሽ ሲያበራ አንድ መምሬ ቀስ ብለው ጠጋ አሉትና «ልጄ፣ እነዚህ እኮ ሽማግሌዎች ናቸው፣ ዓይናቸውን አታድክም» አሉት። ልጁ ወዲያው ስልኩን ኪሱ ከተተ።

ሁለተኛው ቁስቋም። እቴጌ ምንትዋብ ናቸው ያሠሩት፣ ልጃቸው ቋረኛ ኢያሱ በነገሠበት ዘመን (1723–1747 ዓ.ም.)። ስሙ እመቤታችን በስደቷ ያረፈችበት የግብፁ ደብረ ቁስቋም ነው። እቴጌይቱ ከቤተ መንግሥቱ ሽኩቻ ራቅ ብለው እዚህ ተራራ ሥር ግንብ ሠርተው ተቀመጡ። ደርቡሽ ቤተ ክርስቲያኑን አቃጠለው፣ የአሁኑ ኋላ የተሠራ ነው። የግንባቸው ፍርስራሽ ግን ቆሟል። የእሳቸው፣ የልጃቸውና የልጅ ልጃቸው የኢዮአስ ዐፅም እዚያው በመስተዋት ሣጥን ይታያል። እናትሽ ታለቅስ ይሆናል፣ ብዙ እናቶች ያለቅሳሉ። ሦስቱም አንድ ሣጥን ውስጥ፣ አያት፣ ልጅና የልጅ ልጅ። ደረጃና ዳገት ስላለ እዚህ ጋ ደግፊያት። ከቻልሽ ኅዳር 6 ይሁን፣ ንግሡ ነው።

ሦስተኛው በዓታ። ለዓይን ብዙ የሚታይ ነገር አትጠብቂ። እዚያ የሚሄዱት ለጆሮ ነው። በዓታ የአቋቋም፣ ማለትም በመቋሚያ፣ በጽናጽልና በከበሮ የሚቀርበው የማኅሌት ዜማ፣ ማስመስከሪያ ነው፣ ከየአገሩ የመጣ ደቀ መዝሙር የጎንደርን አቋቋም ተምሮ የሚመሰክርበት። ዐፄ ተክለ ሃይማኖት ዳግማዊ ካሠሩት ወዲህ ብዙ ነገር ሲነድና ሲሠራ ኖሯል፣ አንድ ነገር ግን አልነደደም። ዜማው። ይህ ከአፍ ወደ ጆሮ፣ ከየኔታ ወደ ተማሪ ነው የተሻገረው፣ ችቦ አይደርስበትም። ከጥንታዊ ነገር ሁሉ ጥንታዊው የቱ ነው ብትይኝ እኔ ይኼንን ነው የምመርጠው።

ታኅሣሥ 3 ዋዜማ ማታ ማኅሌት ላይ ብትገኙ ታገኙታላችሁ። ለእናትሽ ወፈር ያለ ጋቢ አትርሺ፣ የታኅሣሥ ሌሊት ጎንደር ይበርዳል። ከበሮው ቀስ ብሎ ነው የሚጀምረው። እንቅልፍ ከወሰዳት አትቀስቅሻት፤ ጽናጽሉ ሲነሣ ራሷ ትነቃለች።